ማሽላው ውስጥ የገባው የሼሁ ጫማ

በ1973 ዓ.ም. ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። ሃያ ስድስትም ሊሆን ይችላል። እናቴ ትልቁ ጎርፍ በመጣበት ክረምት ወለድሁህ ትለኝ ነበር፤ ቆቦ ላይ ደግሞ ትልቅ ጎርፍ ያልመጣበት ክረምት አላውቅም። ለማንኛውም እኩዮቼ ሁሉ ልጅ ሲያሳድጉ እኔ ገና ሚስት አልነበረኝም።

ልጅ ባይኖረኝም ባላጋራ ነበረኝ። ባላጋራዬ የመቀናጆዬ ልጅ ናት፤ አምስት ዓመቷ ነው። እኔ አንድ በሬ አለኝ፤ አባቷም አንድ በሬ አለው። ሁለቱን ጠምደን ዛሬ የኔን፣ ነገ የሱን እያልን እናርሳለን። መቀናጆ ማለት ይኸ ነው። ከወንድም ይከብዳል። ወንድምህን ብታኮርፈው ታኮርፈዋለህ፤ መቀናጆህን ካኮረፍኸው ግን ማሳህ ጦሙን ያድራል። ስለዚህ ከቤቱ አልጠፋም ነበር።

የቤቱ ደንብ ጫማ በር ላይ ማውለቅ ነው። እኔ ገብቼ ቁጭ ስል ልጅቷ ጫማዬን ይዛ ትሰወራለች። ልሂድ ብዬ ስነሣ ጫማ የለም።

«ጋሼ፣ ቁጭ በል። ጫማ የለህም» ትለኛለች።

ፈልጌ ካገኘሁት እሄዳለሁ። ካጣሁት እሷን ትከሻዬ ላይ አውጥቼ፣ እንደ አህያ እያናፋሁ እስከ ውሃው ጉድጓድ ድረስ መሸከም አለብኝ። ደንቡን ያወጣችው እሷ ናት። አባቷ ይስቃል እንጂ አይከለክላትም። አንድ ጊዜ ጫማዬን የታቀፈች ዶሮ ሥር አገኘሁት። ዶሮዋ እጄን ነቁራ ነቁራ ስትለቀኝ ጫማው ከእንቁላሉ ጋር አብሮ ሞቆ ነበር። ሌላ ጊዜ ደግሞ ጨርሶ አጣሁት። ከማናፋ በባዶ እግሬ እሄዳለሁ አልሁና ወጣሁ። መንገዱ የግራር እሾህ ነው። ጥቂት እንደሄድሁ ከኋላዬ፣ «ጋሼ፣ አህያም እኮ ጫማ አያደርግም። እንዲያው ከሆንህ አይቀር አናፋ» አለችኝ። ተመልሼ አናፋሁ።

እኔም ዝም ብዬ አልተቀመጥሁም። ጥንቅሽ የሚሉት እንደ ሸንኮራ የሚጣፍጥ የማሽላ አገዳ አለ፤ ልጅቷ ለሱ ነፍሷን ትሰጣለች። አንድ ቀን ጥንቅሽ አመጣሁልሽ ብዬ ተራውን አገዳ፣ ከብት የሚበላውን፣ ሰጠኋት። ላጠችና አኘከችው። እኔ እስክትተፋው እጠብቃለሁ። ዓይኗን አፍጥጣ እያየችኝ ሌላ ገመጠች።

«ይጣፍጣል» አለች።

እያየኋት ሙሉውን አኝካ ጨረሰችው። እንደማልችላት ያን ቀን አወቅሁ።

አሁን ወደ ሚስቲቱ ነገር ልምጣ። ሮቢት አጠገብ ጎሊና ወንዝ አለ። የዚያን ዓመት በጋ በሬ ልገዛ ሄጄ ዋጋው አልደርስ ብሎኝ ባዶ እጄን ስመለስ፣ አንዲት ልጅ ቀይ ኮንጎ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ ስትሻገር አየሁ። አንዱ አመለጣትና ውሃው ወሰደው። ከነልብሴ ገብቼ አወጣሁላት። እስከ ወገቤ ረጠብሁ። ተቀበለችኝና እኔን ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ጫማው ላስቲክ ነው፤ ውሃ አይጎዳውም። የረጠብኸው አንተ ነህ» አለችና ሄደች።

ከዚያ ወዲያ ሌላ ሴት አላየሁም። ማን እንደሆነች አስጠየቅሁ። አባቷ ሮቢት መንገድ ዳር የታወቀ ገበሬ ነው። ሽማግሌ ላክሁ። «ልጅቷ ገና ናት» አለ። ቆይቼ ደገምሁ። «ክረምቱ ይውጣና» አለ። በኛ አገር ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ይላካል። በሦስተኛው ካልተሰጠህ አራተኛ የለም፤ አራተኛው ልመና ነው ይባላል፣ ሰውም ይስቅብሃል። ይባስ ብሎ አላማጣ ሱቅ ያለው ሰው ለሷ ሽማግሌ ሊልክ ነው የሚል ወሬ ደረሰኝ። እኔ ያለኝ አንድ በሬ ነው፤ እሱም ቀንዱ የተሰበረ።

ማሽላው ማሸት ጀምሮ ወፍ የሚጠበቅበት ሰሞን ሦስተኛውን ላክሁ። ቆቦ ላይ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁ አንድ ሼህ ነበሩ፤ እሳቸውን ለመንሁ። ሁለተኛው መቀናጆዬ ነው፤ ሦስተኛው የአጎቴ ልጅ። ሼሁ ለጁምዓና ለሽምግልና ብቻ የሚያደርጉት ጥቁር የቆዳ ጫማ ነበራቸው። እሱን በጨርቅ ወልውለው አድርገው መጡ። የመቀናጆዬ ልጅም መጣች። እናቷ አራስ ስለነበረች ከአባቷ እግር ሥር አልጠፋ ብላ ነው።

ወደ ደሴ የሚወርድ እህል የጫነ ኤንትሬ መኪና አገኘን። ሼሁ ጋቢና ገቡ፣ እኛ ጆንያው ላይ ወጣን። ልጅቷ ጭኔ ላይ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ምን ልታደርጉ ነው?»

«ሚስት ሊጠይቁልኝ ነው።»

«አንተ አፍ የለህም?»

«አለኝ። ይኸ ግን በሽማግሌ አፍ ነው የሚጠየቀው።»

«እንቢ ቢሏቸውስ?»

«እንቢ ከተባሉ ቶሎ ይወጣሉ። ቁጭ ብለው ከቆዩ፣ እህል ቀምሰው ከወጡ፣ ልጅቷ የኔ ናት።»

«ብዙ ከቆዩ?»

«ብዙ ከቆዩማ አለቀ።»

ዝም አለች። እሷ ዝም ስትል መፍራት ነበረብኝ፤ እኔ ግን ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር።

ሮቢት ወረድን። በደንቡ ጠያቂው ልጅ በዚያ ቀን በዚያ ሰፈር አይታይም። ከታየ አባትየው «አልቸኮለም እንዴ፤ ይኸ ነው ቤት የሚይዝልኝ?» ብሎ በሱ ብቻ ይመልሳቸዋል። ሼሁ ድልድዩ ጋ ተቀምጠህ ጠብቅ አሉኝ። እሺ አልሁ። እሺ ማለትና መቀመጥ ግን አንድ አይደለም። ሦስቱ ከልጅቷ ጋር ራቅ ሲሉልኝ በኋላ በኩል ዞርሁና ከቤቱ ፊት ለፊት ካለው ማሽላ ውስጥ ገባሁ። የዚያን ጊዜ ማሽላ ፈረስ ከነጋላቢው ይሰውራል። ጫፉ ላይ ቁጢጥ አልሁ። በሩ ይታየኛል። ሼሁ ጫማቸውን አውልቀው ሲገቡ አየሁ።

ወዲያው ትከሻዬን የሆነ ነገር ጓ አደረገኝ። የጭቃ ድብልብል ነው፤ በወንጭፍ የተወረወረ። ቀና ብል፣ ማሳው መካከል ወፍ የሚጠበቅበት ማማ ላይ ያች የጎሊናዋ ልጅ ቆማለች። ወሬውን እንዳትሰማ ወፍ ጠብቂ ብለው ልከዋት ነው ለካ። ማሽላው ሲነቃነቅ ዝንጀሮ መስሏት ሁለተኛውን አዘጋጅታለች። ምን ላድርግ? ብሮጥ እታያለሁ፤ ብቀመጥ እፈነከታለሁ። ባርኔጣዬን አውልቄ ራሴን አሳየኋት። ወንጭፉን ዝቅ አደረገች። በነጠላዋ አፏን ያዘች። አንድ ቃል ብትጮህ ነገሬ ሁሉ እዚያው አበቃ። አልጮኸችም።

ብዙም ሳይቆይ ማሽላው ከጎኔ ተንኮሻኮሸ። የመቀናጆዬ ልጅ ናት። ሁለቱን ጥቁር ጫማ ደረቷ ላይ አቅፋለች።

«እንካ፣ ደብቀው።»

«የማን ነው?»

«የሼሁ።»

«መልሺ። አሁኑኑ።»

«አልመልስም። ቶሎ እንዳይወጡ እኮ ነው። አንተ ነህ ብዙ ከቆዩ አለቀ ያልኸው።»

«እነሱ ወደው ሲቆዩ ነዋ፣ አንቺ ልጅ።»

«አንተም ወደህ አልነበረም የምትቆየው» አለችኝ።

«ለመሆኑ እዚህ መሆኔን ማን ነገረሽ?»

በጣቷ ወደ ማማው አሳየችኝ። «ያቻት። ጫማውን ይዤ ስወጣ አየችኝና፣ በዚያ በኩል አለ ብላ በእጇ ጠቆመችኝ።»

ቀና ብዬ አየሁ። ጀርባዋን ሰጥታን በወዲያኛው በኩል ወፍ ታባርራለች። በዚያ በኩል አንድ ወፍ አልነበረም። እንደገና ዞር ስል ጫማው ጭኔ ላይ ነው፤ ልጅቷ የለችም።

በቤት ውስጥ የሆነውን ማታ መቀናጆዬ ነው የነገረኝ። አባትየው በደንብ ተቀበላቸው፤ አመሰገነ፤ ስለ ዝናብም ስለ ተምችም ተጫወቱ። ሼሁ ነገሩን አንሥተው ሲጨርሱ፣ «መልካም፤ ማሽላው ይግባና እንነጋገራለን» አለ። ማሽላው ይግባና ማለት እንቢ ማለት ነው፣ ራያ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ሦስተኛውም አለቀ። ሼሁ በቃ ብለው ተነሡ።

እኔ ይህን ባልሰማም በሩ ሲከፈት አየሁ። ቶሎ ወጡ። ሼሁ በሩ ላይ ቆመው እግራቸውን ወደ ታች ሰደዱ፤ ጫማ የለም። ወዲህ አዩ፣ ወዲያ አዩ። አባትየው ወጣ። መቀናጆዬ ጎንበስ ብሎ መደቡ ሥር ፈለገ። ውሻውን ጠረጠሩት፤ ውሻው ተመታ፣ ምንም አላደረገም ምስኪን። ልጅቷ ከመካከላቸው ገብታ አብራ ትፈልጋለች። አንዴም የዶሮውን ቆጥ ቀና ብላ አይታ ራሷን ነቀነቀች።

እኔ ጫማውን ታቅፌ ላብ ያጠምቀኛል። አውጥቼ ብወረውረው ይታያል። ይዤ ብቀመጥ ሌባ ነኝ።

አባትየው የገዛ በረባሶውን አምጥቶ፣ «ለዛሬ ይኸን ያድርጉ፣ ሼህ። ጫማዎን ፈልጌ እልካለሁ» አላቸው። ሼሁ በረባሶውን አዩት። መቀናጆዬ እንደሚለው ያን ጊዜ ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ብልጭ አለ።

«የለም» አሉ። «ሽማግሌ ጫማውን ጥሎ ከወጣ ነገሩን ጥሎ ወጣ ይባላል። ለአንተም ለቤትህም ደግ አይደለም። ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ልጆቹ ይፈልጉ።»

ተመልሰው ገቡና ተቀመጡ። ይህ አባባል ከዚያ በፊት ኖሮ እንደሆነ እኔ አላውቅም። እስከ ዛሬም ከሌላ ሰው አልሰማሁትም።

ፀሐይ ወደ ተራራው አዘነበለች። መግሪብ ደረሰ። ሼሁ አሰገዱና አብረው ሰገዱ። አብሮህ የሰገደን ሰው፣ በመግሪብ ሰዓት፣ ከቤትህ በባዶ ሆዱ አታስወጣም። የቤቱ እመቤት ማዕድ አቀረበች። አባትየው «ቢስሚላህ በሉ» አለ። አንድም እጅ አልተዘረጋም።

«ብሉ እንጂ፣ ምነው?»

«እኛ የመጣነው ለጉዳይ ነው» አሉ ሼሁ። «የሽማግሌ እጅ ከቃል በፊት ማዕድ አይነካም። አንተ ታውቀዋለህ።»

«ቃሌንማ ሰጥቻለሁ። ማሽላው ይግባ ብያለሁ።»

«አዎን። ማሽላው እስኪገባ እንጠብቃለና። የኔ ጫማም እስኪገኝ ይደርሳል።»

አባትየው ማዕዱን አየ፤ ሼሁን አየ። ሽማግሌ ጦሙን አሳደረ ቢባል ሮቢት ገበያ ላይ አንገቱን ቀና አድርጎ አይሄድም። ብሉ እንዲላቸው ደግሞ እሺ ማለት አለበት። ከመጋረጃው በስተኋላ ሚስቱ ተናገረች።

«አንተ ሰውዬ፣ ስጣቸውና ይብሉ። ወጡ ቀዘቀዘ። ልጂቱም እንደሆነ የአላማጣውን ሰው ስም ስታነሣ እንኳ ሰምቼ አላውቅም።»

አባትየው ማዕዱን ወደ ሼሁ ገፋ አደረገና፣ «እንግዲህ አላህ ያለው ነው። ሰጥቻችኋለሁ። ብሉ» አለ። ሼሁ እጃቸውን ዘርግተው በፋቲሐ ዱዓ ቃሉን አሰሩ። መቀናጆዬ፣ እንደዚያ ቀን ጠግቦ በልቶ አያውቅም፤ ሲነግረኝም ያገሳ ነበር።

እኔ ይህን ሁሉ አላየሁም። ፋቲሐውን ብቻ ሰማሁ። ሦስት ሰው አንድ ላይ «አሚን» ሲል ከማሽላው ውስጥ ይሰማል። በቂ ነበር።

ጨረቃዋ ወጥታ ዓይን ለዓይን ስታስተያይ ወጡ። ሼሁ ያባትየውን በረባሶ አድርገዋል፤ ሰፍቷቸው መንገዱን ይጠርጉታል። ከቤቱ እስኪርቁ ጠብቄ ከማሽላው ወጣሁና ጥቁሩን ጫማ በሁለት እጄ ይዤ ከፊታቸው ቆምሁ። ሼሁ ጫማውን አዩ፣ እኔን አዩ።

«አንተ ነህ?»

ልጅቷ አባቷ ጀርባ ላይ ታዝላለች። እሷ ናት ብል አባቷ ይገርፋታል። «እኔ ነኝ» አልሁ።

ሼሁ ጫማውን ተቀብለው አገላበጡትና፣ «ይህን ያህል ዘመን ሽማግሌ ሆኜ ስሄድ ሰው የሚያዘው በምላስ ይመስለኝ ነበር። በጫማም ይያዛል ለካ» አሉ።

ከአባቷ ጀርባ ድምፅ መጣ። «ውሸቱን ነው። እኔ ነኝ። እሱማ መልሺ መልሺ ሲል ነበር።»

«ዝም በይ አንቺ» አለ አባቷ።

«ዝም አልልም። እኔ ነኝ የደበቅሁት። እሱ ፈርቶ ነበር፤ ላብ በላብ ሆኖ።»

ሼሁ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ሳቁ። ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ጥርሳቸው ጥቂት ነው። ሲጨርሱ ዓይናቸውን በኩታቸው ጠረጉና፣ በረባሶውን አውልቀው ሰጡኝ።

«ነገ ጧት ይኸን ለባለቤቱ የምትመልሱ እናንተ ሁለታችሁ ናችሁ። ጫማዬ የት ተገኘ ቢል፣ በደህና ተገኘ በሉ። ሌላ አትጨምሩ። በተለይ አንቺ።»

«እሺ» አለች። እሷም እንደኔ ናት፤ እሺ ማለት ይቀላታል።

ሮቢት ከመቀናጆዬ አክስት ቤት አደርን።

በማግሥቱ ጧት ገና ፀሐይዋ ሳትበረታ ልጅቷን ትከሻዬ ላይ አውጥቼ፣ በረባሶውን ይዤ ሄድሁ። አላናፋሁም፤ መንገድ ላይ ሰው ነበር። ቃል ቢሰጠኝም ከኒካሕ በፊት እዚያ ግቢ መግባት ነውር ነው። ስለዚህ መንገዱ ዳር አወረድኋትና በረባሶውን አስያዝኋት። ከቁመቷ ሊተካከል ምንም አልቀረውም።

«ሰጥተሽ ቶሎ ነይ።»

ገባች። ቆየች። ከቆየች ጥሩ ነው አልሁ ለራሴ። ኋላ ሳስበው ግን ከሷ ጋር ሲሆን መቆየት ጥሩ አይደለም። ልጠራት ስል ወጣች። አንድ እጇን ከኋላዋ አድርጋለች። አመጣጧን አውቀዋለሁ።

«ምን ይዘሻል?»

አወጣችው። አንድ እግር ቀይ ኮንጎ ጫማ ነው። አፍንጫው ላይ ጎሊና ድንጋይ የጫረው ምልክት አለበት።

«ሰረቅሽ? ትናንት አልበቃሽም?»

«አልሰረቅሁም። ራሷ ናት አውልቃ የሰጠችኝ።»

«ምን ብላ?»

«ጨዋታችንን ነገርኋት። ውሰጂና ለሱ ስጪው አለችኝ። ደብቀው በይው አለች።»

ጫማውን ከጋቢዬ ሥር ሸሸግሁት። ልጅቷን አጠገቤ አስቀመጥሁና፣ ዓይኔን በሩ ላይ አድርጌ መንገዱ ዳር ቁጭ አልሁ።